ንብረት ሲሰረቅ፦ አሰራረቁንና ዋጋውን አስረድቶ አቤቱታ የማቅረብ ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ፖሊስ ጋ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። «መቶ ሺህ ብር የሚያወጣ በሬ ተሰረቀብኝ።» ከዚያ ዝም። በረቱ እንዴት እንደተከፈተ አይናገርም፣ ስንት ሰው እንደመጣ አይናገርም፣ መቶ ሺህ ብሩም ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ነገር በእጁ የለም። ከወራት በኋላ ክሱ ቀሎ ሲያገኘው ወይም መዝገቡ በማስረጃ እጥረት ሲዘጋ «ሌባውን ለቀቁት» ብሎ ያዝናል። ያሳዝናልም በእውነት። ግን ብዙ ጊዜ መዝገቡ የተበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለዚያ ቀን ነው። ጫጫ ሁኑ ደነባ፣ መሐል ሜዳ ሁኑ ሸዋሮቢት፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የብር ገደብ አትፈልጉ

«ከዚህ ብር በላይ ከሆነ ከባድ ስርቆት ነው» የሚባለውን ተዉት። እንዲህ ያለ ገደብ ያላቸው አገሮች አሉ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተሰረቀው ከ950 ዶላር ከበለጠ፣ በፍሎሪዳ ደግሞ 750 ዶላር ከደረሰ፣ ወደ ከባዱ የስርቆት ዓይነት ይገባል። የእኛ የወንጀል ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በዚህ መንገድ አልሄደም። እሱ በዋናነት የሚጠይቀው እንዴት ተሰረቀ፣ በማን ተሰረቀ፣ ምን ዓይነት ነገር ተሰረቀ ብሎ ነው።

አራቱን ለዩ፣ ቃላችሁን ስትሰጡ ይጠቅማችኋል፦

1. ስርቆት፣ አንቀጽ 665። የሌላ ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ፈቃድ መውሰድ። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ እንደ ነገሩ ክብደት ደግሞ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነ፣ ለምሳሌ ወዲያው የሚበላ ነገር፣ ወደ ደንብ መተላለፍ ሊወርድ ይችላል።

2. ከባድ ስርቆት፣ አንቀጽ 669። በቡድን ሆኖ፣ መሣሪያ ይዞ ወይም ሰብሮ ገብቶ መስረቅ፣ ስርቆትን መተዳደሪያ ማድረግ፣ ሰው በእሳት ወይም በጎርፍ በተጨነቀበት ሰዓት መስረቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትን ወይም ቅርስን መውሰድ እዚህ ይገባሉ።

3. ውንብድና፣ አንቀጽ 670። ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ካለበት ስርቆት መሆኑ ይቀራል። ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። እረኛውን አስረው ከብት ከነዱ ጉዳያችሁ እዚህ ነው፣ «ተሰረቅኩ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ።

4. እምነት ማጉደል፣ አንቀጽ 675። እንዲያረባላችሁ ሰጥታችሁት በጎቹን ሸጦ ከበላ፣ ንብረቱን በፈቃዳችሁ ነው የሰጣችሁት። ስለዚህ ማስረጃው የሚያተኩረው አደራ መስጠታችሁ ላይ ነው፣ ውል ወይም ሲረከብ ያየ ሰው ፈልጉ።

ታዲያ ዋጋው ምን ይሠራል? በጣም ይሠራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 በንብረት ወንጀሎች የገንዘቡን መጠን ለክብደት መለኪያ ያደርገዋል። ካሳችሁም የሚሰላው በዋጋው ነው። በአጭሩ የወንጀሉን ዓይነት የሚወስነው አሰራረቁ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ቅጣቱንና ካሳውን ይነካል። ሁለቱንም ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው፣ በተለይ መርማሪው ቦታውን ሳያየው ቀን ካለፈ።

ደረጃ 1፦ ሳይሰረቅ የሚሠራ ሥራ

ዛሬ ምንም ካልጠፋባችሁ ከዚህ ጀምሩ። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከብት ካላችሁ እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ፊቱን። ቦቃውን፣ የቀንዱን አጣጣል፣ የጆሮ ምልክቱን፣ ጠባሳውን አስጠጉ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ላም የምታረቡ፣ የክትባትና የማዳቀል ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፣ ላሚቱ ድቅል መሆኗን ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳላችሁ የለም። ከገበያ ስትገዙ አጭር የሽያጭ ወረቀት ጻፉ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። «እኛ እንተዋወቃለን» ማለት ለወዳጅነት ጥሩ ነው፣ ለመዝገብ ግን አይሆንም።

የውኃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁ፣ ቀወትና ኤፍራታና ግድም በመስኖ የምትሠሩ በተለይ፣ የሞተሩን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንሱ። ሳህኑ ላይ ያለው ቁጥር በቀላሉ ይፋቃል። ስለዚህ በማይታይ ቦታ ሁለተኛ ምልክት በብረት መቅረጫ ጻፉ፣ የት እንደጻፋችሁ ለማንም አትንገሩ። ለባጃጅ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያዙ። ለስልክ *#06# ደውሉና የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ስልኩ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አብሮ ይሄዳል።

ፎቶዎቹን ሌላ ከተማ ላለ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ላኩለት። በቃ።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

1. ቦታውን አትንኩ። የተሰበረውን ቁልፍ አታንሱ፣ በሩን አትጠግኑ፣ ጓዳውን አትጥረጉ። መሰበሩ ለአንቀጽ 669 ዋናው ማስረጃችሁ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊያጽናና መጥቶ ሲረጋግጠው ግን ማስረጃው ይጠፋል።

2. ፎቶና ቪዲዮ ውሰዱ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ። ዱካ ካለ አጠገቡ ክብሪት ወይም እስክሪብቶ አስቀምጡና አንሱት፣ መጠኑ እንዲታወቅ።

3. ለቀበሌው ሚሊሻና ለፖሊስ ወዲያው አሳውቁ። የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

4. ከብት ከሆነ ሰው ወደ ገበያዎቹ ላኩ። የተሰረቀ ከብት በቅርቡ ገበያ ብዙም አይሸጥም፣ ራቅ ወዳለው ይነዳል ወይም በመኪና ይጫናል። መውጫ መንገዶቹን አስቡ፣ ፎቶውን ለነጋዴዎችና ለጫኝ ሹፌሮች አሳዩ።

5. ስልክ ከሆነ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ፣ የሞባይል ባንክ ካላችሁ ለባንኩም በዚያው ሰዓት አሳውቁ።

ካልተሳካ፦ ዝናብ ዱካውን ካጠበው ወይም ቤቱ ተጠርጎ ከቆየ ያለውን ሳትነኩ አቆዩ፣ ማን እንደጠረገ፣ ከመጠረጉ በፊት ምን እንደነበረ፣ ማን እንዳየው ጻፉ። ያየ ሰው ካለ ምስክር ነው። የተበላሸውን መልሳችሁ «ለማስተካከል» አትሞክሩ። መልሶ የተሰበረ ቁልፍ ከተገኘ እውነተኛው ታሪካችሁም አይታመንም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሁለቱንም በጥብቅ።

የጠረጠራችሁትን ሰው አትምቱ፣ አትሰሩ፣ ቤቱን ሰብራችሁ አትፈትሹ። ንብረት የጠፋበት ሰው ንዴት ይገባኛል፣ ግን በዱላ የተገኘ «አዎ ሰርቄያለሁ» ፍርድ ቤት አይቆምም፣ እናንተም በድብደባ ትከሰሳላችሁ።

ጠንቋይ ቤትም አትሂዱ። ስም ይሰጧችኋል፣ ያ ስም ከጎረቤት ያጣላችኋል፣ ፖሊስ ጋ ይዛችሁት ስትሄዱ ደግሞ «በምን አወቅህ» ስትባሉ መልስ የላችሁም። ንጹሕ ሰውን እያወቁ በሐሰት መወንጀል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መንደሩ አውጫጭኝ፣ ማለትም ጥፋተኛውን ለማውጣት የሚሰበሰበው ጉባኤ፣ ከተቀመጠ ተገኙ፣ ከዚያ የምታገኙት ጥቅም ግን «እኔ በዚያ ሌሊት እንዲህ አይቻለሁ» የሚል ሰው ነው። የዚያን ሰው ስምና ያየውን ጻፉ። የጉባኤው ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ አሰራረቁን ጻፉ፣ ከዋጋው በፊት

ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፣ መጻፍ ለማይችል ወላጅ ልጅ ይጻፍለት። እነዚህን መልሱ፦

በስንት ሰዓት? ትክክለኛውን ካላወቃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁበትንና መጥፋቱን ያወቃችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሌሊት መሆኑ ዋጋ አለው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 84 በሌሊት መፈጸምን ቅጣት ከሚያከብዱ ምክንያቶች ይቆጥረዋል።

በየት ገቡ? ቁልፍ ሰብረው፣ ግድግዳ ነድለው፣ ቆርቆሮ ገንጥለው፣ አጥር ዘለው፣ በተመሳሳይ ቁልፍ?

ስንት ነበሩ? ያያችሁትን ብቻ። የሁለት ሰው ዱካ አይታችሁ «አምስት ነበሩ» አትበሉ።

የያዙት ነገር ነበር? ጦር መሣሪያ፣ ዱላ፣ ገጀራ፣ መፈልቀቂያ ብረት።

ሰው ነክተዋል? አስፈራርተዋል? ምን ብለው? ቃሉን እንደተባለው ጻፉ።

ውስጥ አዋቂ አለ? ጠባቂ ወይም ሠራተኛ ከሆነ መቼ እንደተቀጠረና ምን ኃላፊነት እንደነበረው ጻፉ፣ የተሰጠን እምነት መከዳትም በአንቀጽ 84 ቅጣት ያከብዳል።

ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። «አየሁ» እና «ተነገረኝ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ የተከሳሽ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ የዋጋ ዝርዝሩ

ሰው ብዙ የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

ሦስት ወረቀት አዘጋጁ፣ አትቀላቅሉ። የመጀመሪያው የተወሰደው ንብረት፣ ሁለተኛው የተበላሸው (በር፣ ቁልፍ፣ ግድግዳ)፣ ሦስተኛው በመሰረቁ የቀረባችሁ ገቢ (የላሚቱ ወተት፣ በሬው በመጥፋቱ በኪራይ የታረሰው መሬት)። የስርቆቱ ዋጋ የሚባለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለካሳ ጥያቄ ይሆናሉ። ሦስቱን ደምራችሁ «የተሰረቀብኝ 300 ሺህ ብር ነው» ካላችሁ፣ ገማቹ 140 ሺህ ብሎ ሲመጣ ውሸታም የምትመስሉት እናንተ ናችሁ።

ዋጋውን በተሰረቀበት ቀንና በአካባቢው ገበያ አስሉት። ከአምስት ዓመት በፊት የገዛችሁበት አይደለም፣ አዲስ አበባ ቢወሰድ የሚያወጣውም አይደለም። የመንዝ በግ በፋሲካ ዋዜማ መሐል ሜዳ ላይ የሚያወጣውና በክረምት የሚያወጣው ይለያያል፣ ስለዚህ ቀኑን አጉልታችሁ ጻፉ። በዚያ ሳምንት ተመሳሳይ በግ የሸጠ ወይም የገዛ ሰው ካለ ስሙን ያዙ፣ ከማንም ግምት የእሱ ቃል ይሻላል።

ለየዓይነቱ የሚጻፈው፦

ከብትና በግ፦ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ቀለም፣ አገርኛ ወይም ድቅል፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ፣ በቀን የምትሰጠው ወተት በሊትር። «አንዲት ላም» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም፣ በአገርኛና በድቅል ላም መካከል ያለው ልዩነት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

እህል፦ ዓይነቱና ኩንታሉ። የጅሩ ነጭ ጤፍ ከሰርገኛው ጋር አንድ ዋጋ የለውም። «ጎተራዬን ባዶ አደረጉት» አይበቃም፣ ስንት ጆንያ አስገብታችሁ ነበር፣ ስንቱ ቀረ፣ ሲገባ ማን ነበር።

ሞተርና ዕቃ፦ ስሪት፣ የፈረስ ጉልበት፣ የተገዛበት ዓመት፣ ቁጥር፣ ደረሰኝ። አሮጌን በአዲስ ዋጋ አትጻፉ።

ወርቅ፦ ግራምና ካራት። ደረሰኝ ከሌለ የሠርግ ወይም የክርስትና ፎቶ ላይ አድርጋችሁት ይገኛል፣ ፈልጉት።

ጥሬ ገንዘብ፦ ከባድ ነው። ከባንክ ያወጣችሁበት ወረቀት፣ ወይም በዚያ ሳምንት የሸጣችሁት ነገርና ገዢው ካልተገኘ ማስረዳት ያስቸግራል።

ጋቢ፣ ባና፣ የቤት ዕቃ፦ ዋጋውን ጎረቤትና ሸማኔ ያውቀዋል። ዝርዝሩን አሳጥሩት እንጂ አትተዉት።

አንድ መስመር ለናሙና፦ «አንዲት ድቅል የወተት ላም፣ ጥቁርና ነጭ፣ 5 ዓመቷ፣ ሦስተኛ ጥጃዋን የምታጠባ፣ በቀን 10 ሊትር የምትታለብ፣ በግራ ጆሮዋ ቀዳዳ ያለባት። ፎቶና የማዳቀል ወረቀት ተያይዟል። የገበያ ዋጋዋን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ስም ከዚህ በታች አለ።» በዚህ መልኩ የተጻፈ መስመር ገማቹን ይመራዋል፣ ሌባው በኋላ «ሌላ ላም ናት» እንዳይልም ያደርገዋል።

አታጋንኑ። እባካችሁ። «ከፍ አድርጌ ልጥራ፣ ዝቅ ያደርጉታል» የሚለው የገበያ ልማድ እዚህ ይጎዳል። አንዱ ዋጋ ከተጋነነ ዳኛው ሌላውንም ቃላችሁን ይጠራጠራል፣ ስለ ሌሊቱ የተናገራችሁትን ጭምር።

ካልተሳካ፦ ደረሰኝም ፎቶም ከሌላችሁ ንብረቱ የእናንተ እንደነበር የሚያውቁ ሁለትና ሦስት ሰዎችን ያዙ፣ ከቤተሰብ ውጭ ቢሆኑ ይመረጣል። አብሮ ያገደ እረኛ፣ የሸጠላችሁ ሰው፣ ያከመው የእንስሳት ሐኪም። ሰዎቹ ስለ ባለቤትነቱና ስለ ዋጋው ለየብቻ እንደሚጠየቁ ንገሯቸው። የሚናገሩትን ግን አታስጠኗቸው።

ደረጃ 5፦ ጣቢያ ስትደርሱ

1. መጀመሪያ አሰራረቁን ተናገሩ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ስጡ። ኮፒ አስቀሩ።

2. ቃላችሁ ሲጻፍ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። «በር ሰብረው» ያላችሁት «ገብተው» ተብሎ ከተጻፈ ከመፈረማችሁ በፊት ይታረም። ይህቺ አንዲት ቃል ከ669 ወደ 665 ልታወርዳችሁ ትችላለች።

3. የመዝገብ ቁጥር፣ ቀንና የመርማሪውን ስም ያዙ።

4. የዋጋ ግምት በማን እንደሚሠራ ጠይቁ። ፖሊስ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ለባለሙያ ደብዳቤ ጽፎ ሊያስገምት ይችላል። ደብዳቤው መውጣቱን ተከታተሉ፣ ብዙ መዝገብ የሚቆመው ያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ስለሚያድር ነው።

ካልተሳካ፦ «በሽማግሌ ጨርሱት» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ በትሕትና ቃላችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ። እምቢ ከተባለ ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ወረዳው ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ሂዱ፣ የሄዳችሁበትን ቀን ጠቅሳችሁ። ጭቅጭቅ አያስፈልግም፣ ቀን ያለበት ወረቀት የበለጠ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ተጠርጣሪ ሲያዝ

የተያዘ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር። ስለዚህ በዚያ ቀን መርማሪው ሲፈልጋችሁ ገበያ ነኝ፣ አዝመራ ላይ ነኝ አትበሉ። ምስክሮቻችሁን አዘጋጁ። በዋስ ቢወጣ ተለቀቀ ማለት አይደለም፣ ክሱ ይቀጥላል።

ንብረቱ ከሦስተኛ ሰው እጅ ከተገኘ ያንንም ተናገሩ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛትም ሆነ መደበቅ በአንቀጽ 682 ያስጠይቃል። የገዛበትን ዋጋ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ከገበያው በግማሽ የገዛ ሰው «አላውቅም ነበር» ማለቱ ያስቸግረዋል፣ የዋጋ ግምታችሁ እዚህም ይጠቅማል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ዐቃቤ ሕግ ጋ

ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደተዘጋጀ ጠይቁ። 665 ከሆነና ቁልፉ ተሰብሮ ከነበረ የተሰበረው ቁልፍ ፎቶ፣ ያዩት ምስክሮች መዝገቡ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ። «ንብረቴ ውድ ስለሆነ 669 ይሁንልኝ» አትበሉ፣ ክርክራችሁ በአሰራረቁ ላይ ይሁን። ውሳኔው የዐቃቤ ሕጉ ነው፣ ቢሆንም ጎድሎ የነበረ ማስረጃ ሲያገኝ ክሱን ሊያሻሽል ይችላል።

ካሳ የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ አንሱት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተበዳይ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፣ በእሱ ካልሆነ በፍትሐ ብሔር ለብቻው መክሰስ ይቻላል። ሦስቱ ወረቀቶቻችሁ የሚወጡት ያኔ ነው።

ዕርቅን በተመለከተ፦ ሽማግሌ ቢመጣ ማክበር ጥሩ ነው፣ ካሳም መቀበል ይቻላል። ግን ስርቆት የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው፣ እናንተ ስለታረቃችሁ ብቻ ክሱ አይቀርም። ተከሳሹ መካሱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። «አልተሰረቅኩም፣ በስህተት ነው የከሰስኩት» የሚል ወረቀት ላይ ግን በፍጹም አትፈርሙ። የዕርቅ ወረቀት ከተጻፈ የተቀበላችሁትን ብርና ቀኑን ብቻ ይግለጽ።

ደረጃ 8፦ ንብረቱ ሲገኝ

በገበያ ላይ ላማችሁን ብታዩ አትጎትቱ። ሰው አቁማችሁ ፖሊስ ጥሩ፣ ሻጩና ገዢው እዚያው እያሉ። ንብረቱ በኤግዚቢትነት ከተያዘ በኋላ፣ በተለይ ከብት ከሆነ፣ እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀለብ የሚፈልግ እንስሳ ጣቢያ ግቢ ውስጥ እንዲከሳ ማንም አይፈልግም። ከመረከባችሁ በፊት በፖሊስ ፎቶ ይነሳ፣ መለያ ምልክቱ ይመዝገብ፣ የርክክብ ወረቀቱን ፈርሙና ኮፒ ያዙ። ፍርድ ቤት አቅርቡት ቢላችሁ ማቅረብ አለባችሁ፣ ስለዚህ ውሳኔ እስኪሰጥ አትሽጡት፣ አትረዱት። ከስታ ወይም ታማ ከተመለሰች በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ያያት፣ ወረቀቱንም ከካሳ ጥያቄያችሁ ጋር አያይዙት።